ዝናብ ዘነበ፣ አህያዋ ወደቀች

ደብረ ታቦር ውስጥ ስለ እኔ ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። ያስተማርኋቸው «ጎበዝ አስተማሪ ነበረች» ይላሉ። አብረውኝ የሠሩት «ቂመኛ ናት» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ አንድ ቀን የሆነውን እንደሆነ ለማስቀመጥ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ ከጻፈው አበላሽቶ ይጽፈዋል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ልብ ወለድ ላይ ስንደርስ፣ መቼት ምንድን ነው፣ ጡዘት ምንድን ነው ከማለቴ በፊት፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር እጽፍ ነበር፦ «ዝናብ ዘነበ። አህያዋ ወደቀች።» ከዚያ ዞር ብዬ «አህያዋን ምን ጣላት?» እላለሁ። ክፍሉ በሙሉ «ዝናቡ!» ይላል።

«ማን ነገራችሁ?»

ጠመኔዬን ወደ ሰሌዳው እቀስራለሁ።

«እኔ ዝናብ ዘነበ አልሁ። አህያዋ ወደቀች አልሁ። ‹ስለዚህ› የምትለዋን ማን ጨመራት? እናንተ ናችሁ። አህያዋ ጭነት በዝቶባት ይሆናል። ሰው ገፍቷት ይሆናል። ተራኪ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ማሰሪያውን የሚያስረው ሰሚው ነው። ጎበዝ ተራኪ ይህን ያውቃል። ውሸታምም ያውቃል።»

ይህን ለስንቱ ያስተማርሁት ሴትዮ፣ እኔው ራሴ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝናቡን ስረግም ኖርሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሠፈራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ይነግረኛል፤ እኔ መልክ አስይዤ እጽፋለሁ። ይበልጣል የሚባል የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ በጽሕፈት ቤቱ በኮምፒውተር ይተይበዋል። ከፍትሐቱ በኋላ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ፈንታሁን ለለቀስተኛው ያነበዋል። ፈንታሁን በድምፁ ይመካል። ወረቀቱን ቀድሞ አያይም፤ «እኔ የመጣልኝን ነው የማነበው» ይላል። የድሮ ርእሰ መምህሬ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን ማንም አያስገድደኝም።

የሕይወት ታሪክ የራሱ ቅርጽ አለው። ተወለደ፣ ተማረ፣ ሠራ፣ ወለደ፣ ታመመ፣ ዐረፈ። ሟች ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ሟች ሁሉ ለተቸገረ ደራሽ ነው። ክፋት የሚጻፈው በመዝለል ነው። «ከሚወዳት ባለቤቱ ጋር» የምትለዋን ብቻ ብተዋት አገር ይገባዋል። እኔ በዚህ የተካንሁ ነኝ።

አሁን ስለ ሙሉነሽ ልንገራችሁ። በአንድ ትምህርት ቤት አብረን የምናስተምር፣ አንድ ቤት ተከራይተን የኖርን፣ እሷ እስክታገባ ድረስም በአንድ ጃንጥላ የምንሄድ ጓደኛሞች ነበርን። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሳይሰጥ ወጥቶ ተገኘ። ጥያቄው የሚባዛበት ክፍል ቁልፍ የነበረው በሁለት ሰው እጅ ነው፤ በእኔና በርእሰ መምህሩ። በየካቲት ተከሰስሁ። በመጋቢት መግቢያ ጉና ሥር ወዳለ ትምህርት ቤት ተወረወርሁ። በክረምት ባሕር ዳር ገብቼ እንድማር የተሰጠኝ ቦታ ተሰረዘና ለሙሉነሽ ተሰጠ። ማን እንደከሰሰኝ የነገረኝ የለም። ሰባት ዓመት ጉና ላይ ኖርሁ። ብርዱ ጣቶቼን አጣመማቸው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እያመመኝ ነው።

በአራተኛው ዓመት ጣራ ገዳም ለንግሥ ወርጄ ፈንታሁንን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ አስቀመጠኝና «የሺ፣ ለነፍሴ ብዬ ልንገርሽ» አለኝ። «ያኔ የከሰሰችሽ ጓደኛሽ ናት። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት በእግሯ ቢሮዬ መጥታ ነው የነገረችኝ።»

አመንሁት። በገዳም ቅጥር፣ በዓል ጠቅሶ የነገረኝን ሰው እንዴት አላምን? እኛ አገር ሰው «አንድ ቀን» ካለ ይጠረጠራል፤ «በኪዳነ ምሕረት ማግስት» ካለ ግን እንደ ማለ ይቆጠራል።

ያን ዕለት ታሪኬ ሙሉ ሆነ። ሙሉነሽ ቀናች፣ ከሰሰች፣ ቦታዬን ወሰደች፣ ተማረች፣ ወለደች፣ ደላት። ግጭቱም ጡዘቱም በየቦታው ገባ። በዚያው ዓመት ጠፋሁባት መሰለኝ በበቅሎ ጉና ድረስ መጣች። ደጄ ላይ ቆማ «የሺዬ» አለች።

«የሺዬ የለችም» አልኋትና በሩን ዘጋሁ።

ምክንያቱን አልነገርኋትም። ታውቀዋለች ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼም በአንድ ከተማ፣ በአንድ እድር፣ ሰላምታ ሳንለዋወጥ ኖርን።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ፊቴን ሳልታጠብ ፈንታሁን በሬን አንኳኳ።

«ሙሉነሽ ዐረፈች» አለኝ። «ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ትጽፊያለሽ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

«ሌላ ሰው አለዎት?»

«የለኝም። ግን በመካከላችሁ የነበረውን አውቃለሁና…»

«የነገሩኝ እርስዎ አይደሉ? ማወቅዎ ምን ይገርማል።»

ባርኔጣውን አውልቆ የሌለበትን አቧራ አራገፈ። «ሞት ሁሉን ይሽራል፣ የሺ። ጨዋ ጨዋውን ጻፊ።»

«ያለውን እጽፋለሁ» አልሁት።

እውነቱን ልናገር። የምጽፈው ዐረፍተ ነገር ለዓመታት ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፦ «የቅርብ ጓደኛዋ ተከስሳ በተነሣችበት ዓመት፣ በጓደኛዋ ቦታ ባሕር ዳር ገብታ ተማረች።» አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ውበቱም እሱ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ሬሳው ፊት፣ ልጇ እየሰማች፣ በፈንታሁን ትልቅ ድምፅ ይነበባል። «ስለዚህ» የምትለዋን አገሩ ይጨምራታል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ ደብተሬን ይዤ፣ በደስታ ነው የሄድሁት። ወደ ለቅሶ ቤት በደስታ የሄደች ሴት ብላችሁ ታዘቡኝ።

ድንኳኑ ተተክሏል። የሙሉነሽ ልጅ ጽጌ ከኩዌት ተመልሳ ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ዐይኗ አብጧል። ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ጓዳው ውስጥ የሙሉነሽ አክስት፣ እማሆይ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከዘጠና ያላነሱ ናቸው፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድመት ነው።

«እርስዎ ነዎት የሚጽፉት?» አለችኝ ጽጌ።

«ቅር አለሽ?»

«የለም። እማዬ ደስ ይላት ነበር።»

ደብተሬን ገለጥሁና የተለመደውን ጠየቅሁ። የት ተወለደች? የት ተማረች? መቼ ሥራ ያዘች? ሁሉንም ከልጅቱ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር። ለመድረስ የምቸኩለው ወደ አንድ ቦታ ነው።

«ባሕር ዳር የገባችውስ?»

«እኔን ለእማሆይ ጥላ ነው የሄደችው። ገና የስድስት ወር ልጅ ነበርሁ። ጡቷ ፈሶ ልብሷን እያራሰው መማሯን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ቆይ እስቲ። አንቺ የተወለድሽው ከባሕር ዳር በኋላ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ በፊት ነው!»

በእኔ ታሪክ ውስጥ ይህች ልጅ የተወለደችው ከትምህርቱ በኋላ ነበር። ተማረች፣ ወለደች፣ ደላት። ማን እንዲህ ደረደረው? ማንም አልነገረኝም። ታሪኩ እንዲያምር እኔው ነኝ ልጅቱን አንሥቼ መጨረሻው ላይ ያስቀመጥኋት።

«መቼ ነው የተወለድሽው?» አልኋት።

«በጥር ሥላሴ ማግስት።»

«ክርስትናሽስ?»

«በመጋቢት መድኃኔ ዓለም። ሴት አይደለሁ? በሰማንያ ቀኔ ነዋ!»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ከዚህ የተወለደች መሰለሽ? እናቷ ቤት ነው እንጂ፣ ጉና ሥር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው። ከታኅሣሥ ጀምራ እኛው ጋ ነበረች።»

«እማሆይ፣ በመካከል ወደ ደብረ ታቦር ወርዳ ነበር? ለአንድ ቀንም ቢሆን? በየካቲት?»

«አራስ?» ሴትዮዋ ተቆጡ። «አንቺ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ደጅ ስትወጣ እንኳ ቢላዋ አስይዤ ነው! ሙሉ ቀን የበቅሎ መንገድ፣ በዚያ ብርድ፣ ሕፃን በጡቷ ይዛ? ሰማንያ ቀን ከእጄ አልወጣችም። ያረስኋት እኔ ነኝ፤ እናቷ የታከተች ነበረች።»

በተጣመሙት ጣቶቼ ቆጠርሁ። አንዴ ቆጥሬ አላመንሁም፤ ደገምሁት። የኪዳነ ምሕረት ማግስት አርባኛው ቀን ነው።

«ምን ትቆጥሪያለሽ?» አሉኝ እማሆይ።

«አርባኛው ቀን የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት ይውላል?»

«ይውላል እንጂ። ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው ያን ዕለት ነበር። እኔም ‹ወንድ በሆነልሽ ዛሬ ተገላግለሽ ነበር› ብያት ስቀናል። ምነው?»

ስቀዋል። ፈንታሁን «በእግሯ ቢሮዬ መጣች» ባለኝ ዕለት ሙሉነሽ እሳት ዳር ተቀምጣ እየሳቀች ነበር።

ጽጌ ፊቴን አይታ ውኃ ሰጠችኝ። «ጋቢው ትዝ አለዎት?» አለችኝ። «አራስ ቤት ሳለን የላኩላት። ‹ፈተና አርሜ እንደጨረስሁ እመጣለሁ› ብለው ጽፈውላት ነበር አሉ። እሱን አልብሱኝ ብላ ተናዛለች። ከመግነዙ በላይ አልብሰናታል።»

ረስቼው ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት። ፈተና አርሜ እንደጨረስሁ እሄዳለሁ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ክሱ መጣና ሁሉም ተደባለቀ። ያን ጊዜ ሙሉነሽ የት እንደነበረች ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ። ማወቄን ግን ታሪኬ አልፈለገውም። ቦታ አልነበረውማ።

«እማዬ ‹ምን እንዳጠፋሁ ብትነግረኝ ይቅርታ እጠይቃት ነበር› ትል ነበር» አለች ጽጌ። «ምን ነበር ግን?»

«ከቀብር በኋላ እነግርሻለሁ። በእማምላክ እነግርሻለሁ» አልኋት።

ወደ ጓሮ ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍሁ። ሐዘን ነው የሚመጣብኝ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ የመጣው እፎይታ ነው። ጭነት የወረደላት አህያ አይታችሁ እንደሆን ወዲያው አትራመድም፤ ቆማ ጀርባዋን ታርገፈግፋለች። እንደዚያ ሆንሁ። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ የምጠላት ጓደኛ አልነበረችኝም። ያቺ ዐረፍተ ነገርም ገና አልተነበበችም። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ጊዜ ነበረኝ።

ገብቼ ጻፍሁ። እንደ ደንቡ ለቤተሰቡ አነበብሁላቸው፤ እማሆይ «ደግ ነው» አሉ። ይበልጣል ዘንድ ወሰድሁት። ሲተይብ አንድ ቦታ ላይ ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«ቲቸር፣ እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ለምን አብረው ተቀመጡ? በመካከላቸው ‹ስለዚህ› የለም።»

«እንዳታስገባበት።»

«ኧረ አልነካሁም!» አለና ፈገግታውን በኮምፒውተሩ ጀርባ ደበቀ።

በዘጠኝ ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሞልቶ ነበር። ጡረታ የወጡት የድሮ መምህራን በአንድ ወገን ቆመዋል። ፍትሐቱ አለቀና ፈንታሁን መነጽሩን አድርጎ፣ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ድምፁ ዛሬም ያምራል፤ አልክድም። ልደቷን አነበበ፣ ትምህርቷን አነበበ፣ ጋብቻዋን አነበበ። ከዚያ እዚያ ደረሰ፦

«በጥር ሥላሴ ማግስት በእናቷ ቤት፣ ጉና ሥር፣ ብቸኛ ልጇን ጽጌን ወለደች። በመጋቢት መድኃኔ ዓለም ክርስትና እስክታስነሣት ድረስ ሰማንያ ቀን…»

ቆመ። ዐይኑ ወደ ታች ሮጠ። የሚቀጥለውን መስመር ሲያነብ ከንፈሩን አየሁት። ሳል መጣበትና «በክረምቱም ባሕር ዳር ገብታ…» ብሎ ቀጠለ።

«ምን ዘለልህ?» አሉ እማሆይ ከሬሳው ራስጌ። «ሰማንያው ቀን የት ሄደ? ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ! እንደተጻፈው አንብብ!»

«እንደተጻፈው ይነበብ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። እዚህ አገር ሟች ፊት የተጻፈ አይዘለልም። ፈንታሁን ወደ እኔ አየ። እኔ ሬሳውን አየሁ።

አነበበ። ድምፁ ግን የእሱ አይመስልም ነበር። «…ሰማንያ ቀን ከዚያ ቤት አልወጣችም። በዚያው ዓመት፣ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ በደብረ ታቦር አንዲት ባልደረባዋ በሰው ጥቆማ ተከሰሰች። ሙሉነሽ ይህን ጓደኛዋን እስከ ዕለተ ሞቷ ስትናፍቅ ኖረች።»

የተከሰሰችው ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ፈንታሁን የጣራ ገዳሙን ወሬ ለእኔ ብቻ አልነገረም ኖሯል፤ የድሮዎቹ መምህራን እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ፈንታሁን ዞሩ።

ይበልጣል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ቲቸር፣ አህያዋን ምን ጣላት?»

«ዝም በል፤ ቀብር ነው» አልሁት።

ሕዝቡ ሲበተን ፈንታሁን በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«የሺ፣ እኔም ያኔ… ሰው ነው የነገረኝ።»

«‹በእግሯ መጥታ› ነበር ያሉኝ።»

«ዘመኑ ክፉ ነበር። አንድ ስም ያስፈልግ ነበር።»

«የክፍሉስ ቁልፍ? ከእኔ ሌላ ማን ነበር የያዘው?»

ባርኔጣውን አጠለቀና ሄደ። ይህም መልስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «ዐይኔ ደከመ» ብሎ የሕይወት ታሪክ ማንበብ ትቷል። አሁን የሚያነበው ይበልጣል ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ግን አይዘልም።

በሠልስቱ ቃሌን ጠበቅሁ። ለጽጌ ሁሉንም ነገርኋት፤ ልጽፈው የነበረውንም ዐረፍተ ነገር ሳልደብቅ።

«አንዴ ብቻ ቢጠይቋት ምን ነበር?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ምንም አልነበረም።»

«ምንም አልነበረም» ብላ ደገመችውና ተነሥታ ወጣች። አልተከተልኋትም። መቆጣቷ ተገቢ ነው።

አሁን ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ይቅር ባይ ሆኛለሁ አልልም፤ ፈንታሁንን ይቅር አላልሁም፣ ሊጠይቀኝም አልመጣም። የተለወጠው ሌላ ነው። እናንተም በልባችሁ የያዛችሁት፣ መነሻውም መድረሻውም ልክ ልክ የሆነ፣ ክፉውና ደጉ የተለየበት ታሪክ ይኖራችኋል። በጣም ካማረ ፍሩት። ነገር ሲሆን እንደዚያ ተስተካክሎ አይሆንም፤ ያስተካከለው ሰው አለ፣ ብዙ ጊዜም እናንተው ናችሁ። ከመካከሉ «ስለዚህ» የምትለዋን አውጡና ቀኑን ቁጠሩ። ደግሞም የምትጠሉት ሰው በሕይወት ካለ ሂዱና ጠይቁት። እኔ የተነፈስሁት ሙሉነሽ ከሞተች በኋላ ነው፤ እፎይታዬ ግማሽ የሆነው ለዚህ ነው። ግማሹም ግን እፎይታ ነው። ሌሊት እተኛለሁ። ጠዋት በእነሙሉነሽ ቤት በኩል ስሄድ መንገድ አልቀይርም።

ከአርባው በኋላ ጽጌ መልእክት ላከችብኝ። ሄድሁ። ወንበር ሰጠችኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አሁንም ተናድጄብዎታለሁ» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ግን ከእኔ በፊት የነበረችውን እማዬን የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይንገሩኝ።»

«ከየት ልጀምር?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ አስተማሪዋ?»

አፌን ስከፍት የመጣልኝ የጉና ብርድ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ታሪኬን የጀመርሁት ከዚያ ነው። ዋጥሁት።

«አንድ ጃንጥላ ነበረን» አልሁ። «እናትሽ ረጅም ስለነበረች የምትይዘው እሷ ናት። እሷ አትረጥብም፤ የእኔ ግራ ትከሻ ግን ሁልጊዜ ይረጥብ ነበር…»

ጽጌ ሳቀች። የእናቷ ሳቅ ነው። እስኪያልቅ ጠበቅሁና ቀጠልሁ።